የያዝኩት እግር

ፋሮ ደሴት፣ ሜዳችን ከገደልና ከባሕር ተጣብቋል፤
ኳስ አጥር ከዘለለ፣ ጀልባ ይፈለጋል።
ዝናቡ ከላይ አይወርድም፤ ከጎን ነው የሚመጣ፣
ጃኬት ለብሶ የገባ ጨምቆት ነው የሚወጣ።

«ኳሱን ተዉት» አለች ማርዩን አሠልጣኛችን፣
«ዛሬ የምንሠራው ለውስጥ ጭናችን።
ስትመቱ፣ ስትታጠፉ፣ ሮጣችሁ ድንገት ስትቆሙ፣
ይህች ናት የምትሰበስባችሁ፤ ካልተበጠሰች ስሟን አትሰሙ።»

«ብሽሽት» ስትል ሳቅን፤ በአሥራ አምስት ዓመት ማን ዝም ይላል?
እሷ አልሳቀችም። «የኔ በአሥራ ዘጠኜ እንደ አሮጌ አንሶላ ተተርትሯል።
ኳሱስ ገብቶ ነበር።»

ከዚያ ጥንድ ጥንድ እያደረገች በጣቷ ቆጠረች፣
እኔን ከኤይዩን ጋር፣ አውቃ ነው፣ አጣመረች።
አንድ ማልያ ነው ያጣላን፣ አሥራ አንድ ቁጥር፣ የግራ መስመር፤
አንዱ ቅዳሜ ሲሰለፍ፣ ሌላው ወንበር ሲያሞቅ ሊያድር፤
አውቶብስ ውስጥ እንኳ ጎን ለጎን ተቀምጠን አናውቅም።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በጎንህ ትጋደማለህ፣
በክርንህ መሬት ይዘህ ወገብህን ታነሣለህ፤
የላይኛው እግርህ ግን በሰው እጅ ነው፣ ባየር ላይ፣
የታችኛው ይከተለዋል፣ ሽቅብ፣ እስኪገናኝ ከላይ።
«መውጣትማ ለሁሉም ነው፤ ስትወርዱ አትቸኩሉ፤
ጡንቻ ቁልቁል ነው የሚማር፤ ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ።»

ኤይዩን ጀመረ። ካልሲው ርሶ ውሃ ያንጠባጥባል፣
አንድ። ሁለት። አምስት ላይ ጭኑ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤
እንደ ሩቅ ጀልባ ሞተር፣ ባጥንቱ አልፎ እጄ ይገባል።
ልዋሽ? መጣብኝ፦ ካልሲው ርጥብ ነው፣ ጣቴም ቀዝቅዟል፤
ትንሽ ላላ ባደርገው፣ ቅዳሜ የማን ይሆናል?

«ያዘኝ» አላለም። «ስንት ቀረ?» አለኝ ዓይኑን ጨፍኖ፣
ግማሽ ገላውን በሙሉ በጣቶቼ ላይ አምኖ።
«ሦስት» አልኩት። ሁለት ነበር። አንዷን ጨመርኩለት፤
ለተንኮል ይሁን ለደግነት፣ እስካሁን አልለየሁት።

ተራው የኔ ሆነ። እግሬን ይዞ ሰባት ድረስ ቆጠረ፤
መሬቱ ራደ ስል፣ ለካ ጭኔ ነበረ።
«ስምንት» አለ። ትንፋሽ ሳበ። ዓይኑን ወደ ባሕሩ ጥሎ፣
ደግሞ «ስምንት» አለ፣
ቀስ ብሎ።