ከመጋዘኑ እስከ ማሳው

ማሳዬ ከማዶ፣ መጋዘኑ ወዲህ፣
መሐል ላይ አስፋልት ነው፤ ችግሬ ይኼ ነው እንግዲህ።
ሰባት መቶ እርምጃ፤ ቆጥሬዋለሁ በእግሬ፣
ቱቦ በትከሻዬ፣ ማዳበሪያ በጀርባዬ ተሸክሜ ኖሬ።
ትራክተሩ ቆሟል፤ ቀይ ነበረ ድሮ፣
ሟቹ ሞሪስ ሰጥቶኝ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጉልበቴን ቆጥሮ።
ሚስቱ ፍሪሐ ቁልፉን ስታስረክበኝ
“ይነሳል፣ ግን በጡጫ ነው” ብላ ነበር፤ አልዋሸችኝ።
ታርጋ የለውም። ታርጋ የሌለው ጎማ
አስፋልት ከረገጠ ቅጣቱ አያድርስ ነው፣ ከጎረቤት እንደሰማሁትማ።

ስለዚህ ማክሰኞ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ፣
የዳቦ ፌስታል ውስጥ ሰነዴን ከትቼ፣
ከነቲቮት ቤርሼቫ ወረድኩ፣ ፍቃድ ሰጪው ቢሮ፤
ቁጥሬ መቶ አርባ ሁለት፣ ስክሪኑ ስድሳ ላይ ተቸንክሮ።

ከመስኮቱ ኋላ ላሪሳ፤ መነጽሯ በገመድ።
“የፍሬን ምርመራ?”
“አለኝ።”
“ኢንሹራንስ?”
“ይኸው።”
“ጣራ ላይ የሚሽከረከር ብርቱካን መብራት?”
“አለኝ፤ ትናንት ነው ያሰርኩት።”
(ያሰረልኝ ሙኒር ነው፣ የራሃቱ መካኒክ፤
“በሬህ ቀንድ አወጣ” ብሎ ገንዘቡን ግማሽ ተወልኝ።)
“የተሠራበት ዓመት?”

እዚህ ላይ ዝም አልኩ።
ሳህኑን ዝገት በልቶታል። ሙኒር በናፍጣ አጥቦ፣
እኔ በጥፍሬ ፈቅፍቄ፣ ያተረፍነው አንዲት ሰባት ቁጥር ናት፣
እሷንም “አንድ ናት” ብሎ ተከራክሮኛል።
“አላውቅም” አልኳት።
“ባዶ ከሆነ ሲስተሙ አያሳልፍም” አለች፤
ዓመቱን በግምት፣ ወሩንና ቀኑን በልማድ ሞላች፦
ጃንዋሪ አንድ።

ሳቄ አመለጠኝ። “ምን ያስቃል?”
መታወቂያዬን በመስኮቱ ሥር አሾለክሁላት።
ጃንዋሪ አንድ። እኔም፣ ብርቄም፣ ሦስቱም ወንድሞቼ፣
በመጣን ሌሊት፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ እስክሪብቶ የተወለድን።
እናቴ የምትለው ሌላ ነበር፤ አንበጣው የመጣ ዓመት፣ ማሽላ ሲያሽት።
ለማሽላ ቅጹ ላይ ቦታ አልነበረም።
ላሪሳ የትራክተሩን ፎቶ አየች፣ እኔን አየች፣
“ወንድማማች ናችሁ” ብላ ማኅተሟን አነሳች።

ወረቀቱን ልጄ ሊያት አነበበችልኝ፣ ሁለት ጊዜ፦
ከመጋዘኑ እስከ ማሳው። ፀሐይ ሳለች ብቻ።
ሰው አይጫንበት። ከሠላሳ ኪሎ ሜትር አይፍጠን።
መጋጠሚያውን አይለፍ።
“ይኼ ፍቃድ ነው ወይስ ፍርድ?” አለች ብርቄ ከጓዳ።
“ለትራክተሩ ነው” አልኳት፣ “ለኔ አይደለም።”
መልስ አልሰጠችኝም።

እሁድ ማለዳ አስነሳሁት፤ በጡጫ፣ እንደ ወጉ፣
ጭሱ ጣራ አልፎ ወጣ፣ ዶሮዎች በረገጉ።
ቢጫ ታርጋ ከኋላው፣ ገና ቅባት ያልነካው፣
አስፋልቱን ስረግጥ ሞተሩ አይደለም፣ ልቤ ነው የተንኳኳው።
ከኋላዬ መኪና፤ ሁለት፤ ዘጠኝ፤ አንድ አውቶብስ፣
ጥሩንባው ቀለጠ፤ እኔ ግን በፍቃዴ ልክ፣ ቀስ፣ ቀስ።
አንዱ በመስኮት ብቅ አለ፣ እጁን ወደ ሰማይ ሰቅሎ፣
“እስከ የት ልትወስደን ነው?” ብሎ።
“እስከዚያ ጌሾ” አልኩት። አልሰማኝም።

በእግር ሰባት መቶ የነበረው በጎማ ስንት እንደሆነ
ልቆጥር አስቤ ነበር፤ መሐል ላይ ጠፋብኝ።
ከወንበሩ ላይ ሩቅ ይታያል፤
መጋጠሚያው፣ የአሽቀሎን ምልክት፣ ከዚያ ወዲያ
ባሕር ይሁን የፕላስቲክ ጎጆ ጣራ ያልለየሁት ብልጭታ።
እግሬ ነዳጁ ላይ ነበር።

መታጠፊያዬ ደረሰ። እጄን ዘርግቼ ታጠፍኩ።
አውቶብሱ ሲያልፈኝ አንዴ ነፋ፣ አጭር፤
ስድብ ይሁን ሰላምታ አላወቅሁም።
ጌሾው መሐል ሞተሩን አጥፍቼ ተቀመጥኩ።
ፀሐይ ገና ናት። ለመመለስ ጊዜ አለኝ።