የማትሠራ መስመር

በሃይ ፎንግ ከተማ፣ በወደቡ ዳርቻ፣
ሦስተኛ ፎቅ ላይ ማራገቢያ ብቻ
ሙቀቱን ሲቆራርጥ ሌሊቱን በሙሉ፣
ዲየም ቁጭ ብላለች፤ ተኝተዋል ሁሉ።

የቤት ሥራው ይህ ነው፦
መምህር ኾአት የሰጡት አንድ አሮጌ ፕሮግራም፣
በፓስካል የተጻፈ፣ ከእሷ በስድስት ዓመት የሚበልጥ፣
በቀን አንዴ የሚሞላውን የዚያን ባሕር
መምጫና መሄጃ የሚያሰላ።
«ወደ ፓይተን መልሱት፤ ከወደቡ ሰንጠረዥ ጋር ይግጠም፤
ቋንቋው ይለወጥ እንጂ ውሃው መንገዱን አይለውጥም።»

መጀመሪያ ቀላል መሰላት።
«ጀምር» እና «ጨርስ» ብሎ የታጠረውን
አጥሩን አፍርሳ በገባ በወጣ ተካችው።
ድርብ ሰረዞቹን አንድ በአንድ ለቀመች፣
ከሩዝ ውስጥ ጠጠር እንደሚለቀም።
ጉበትና በርበሬ የተቀባ ቀጭን ዳቦ
ገምጣ፣ ጣቷን በሱሪዋ ጠርጋ፣ ቀጠለች።

ከዚያ ቁጥሩ።
አሮጌው ከአንድ ይነሣል፣ አዲሱ ከዜሮ።
(የግዕዝ አኃዝም ዜሮን አያውቅ፤
ከ፩ ይጀምራል፣ ባዶ ወንበር አያስጠብቅ።)
ሃያ አራቱ ሰዓት በሃያ ሦስት አለቀ፤
አንዱ ከሰንጠረዡ ጠርዝ ሾልኮ ወደቀ።
ፈለገችው። አገኘችው። በቦታው አስቀመጠችው።

ባሕሩ ግን አሁንም አልገጠመም፦
በየቀኑ፣ በየወሩ፣ ዓመቱን ሙሉ
ከወደቡ አንድ ሰዓት ይቀድማል።
«ያው ዜሮና አንድ ነው ደግሞ» ብላ
ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣
እስከ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለተኛው መስመር።
እዚያ፣ ከምንም ጋር የማትዘመድ አንዲት ትእዛዝ፦
ከሰዓቱ ላይ አንድ ቀንስ።
ከጎኗ በቅንፍ፣ ማሽን የማያነባት ሁለት ቃል፦
«ቾ ሜ»።

በዚያ ዘመን ኮምፒዩተሩ የቃና ምልክት አልነበረውም፤
ቃሉ ራቁቱን ይጻፋል፣ ባርኔጣ የለው፣ ነጥብ የለው።
እኛም «ይበላል» ብለን ጽፈን፣
ላልቶ ይሁን ጠብቆ፣ በዪ ይሁን ተበዪ፣
ለአንባቢ ጥለንለት እንደምንሄደው።
«ቾ» ገበያም ነው፣ ውሻም ነው፣ ድምፅሽን እንደጣልሽበት።
«ቾ ሜ»፦ ለእናቴ።
«ቾ ሜ»፣ ድምፁ ዝቅ ሲል፦ እናቴን ልጠብቅ።

ከወንዙ አፍ በታች ውሃው ሲሸሽ ጭቃው ይገለጣል።
ሴቶች እስከ ጉልበታቸው ገብተው
ጎንበስ ብለው ዛጎል ይለቅማሉ።
ውሃው ሲመለስ ከኋላ ነው፣ ኮቴ የለውም።
የዲየም አክስት እስከ ዛሬ
ሰዓቷን ወደፊት ገፍታ ነው እጇ ላይ የምታስረው፤
ስትጠየቅ «ተበላሽቶ ነው» ትላለች።

ዲየም ብዙ ቆየች እጇን አጣጥፋ።
ስህተት አልነበረም።
አንድ ሰው ስሌቱን አሳምሮ ጨርሶ፣
መጨረሻው ላይ፣ ዐውቆ፣ ዋሸ።

ሰረዘቻት። ሰንጠረዡ ገጠመ፤
ፈተናው ሁሉ አረንጓዴ በራ።
ተነሥታ ፊቷን ታጠበች፤
ከመንገዱ ማዶ ቀይ አበባ ያረገፈው ዛፍ ሥር
የመጀመሪያው ሞተር ሳይክል አስነጠሰ።
ተመልሳ መስመሯን እንደገና ጻፈቻት፤
በፊቷ ግን ያችን ሁለት በሁለት የተጣለች
የአጥር ምልክት አቆመችባት፣
ማሽኑ እንዳላየ እንዲያልፋት።
«ቾ» ላይ ደርሳ ጣቷን አነሣች፤
የዛሬው ኪቦርድ ቃናውን ሁሉ ይችላል።
አንዱን መምረጥ አልሆነላትም።
ራቁቱን ተወችው።

ሐሙስ ውጤቱ መጣ፦ ከዐሥር ዘጠኝ።
ከዳር በቀይ እስክሪብቶ «ሲቀነስ አንድ»፤
ምክንያቱ አልተጻፈም።
ልትጠይቅ እጇን አወጣች።
መምህር ኾአት መስኮት እየዘጉ ነበር፣
ዝናቡ ከወንዙ በኩል ሲመጣ፣
ፊታቸውን ወደ ባሕሩ፣ ጀርባቸውን ወደ ክፍሉ አድርገው።
እጇን አወረደች።