አሥራ አምስት ደቂቃ

ተማም ጋራዥ ደጃፍ፣ ከአዌቱ ድልድይ ማዶ፣
ሚኒባሷን አቆምኩ፣ ቀይ መብራቷ ነድዶ።
ጠዋት ካጋሮ ስመጣ፣ ዳገቱ ላይ ሳለሁ፣
"ታ፣ ታ፣ ታ" የሚል ድምፅ ከሆዷ ሰማሁ።

ተማም ክዳን ከፍቶ ጣቱን ወደ ውስጥ ሰደደ፣
ጥቁር ሙጫ ይዞ ወጣ፤ አሸተተ፤ ተናደደ፦
"ይሄማ ዘይት አይደለም፣ ቅጥራን ነው የረጋ፤
ሳይቀየር የከረመው ስንት ክረምት፣ ስንት በጋ?"

ዝም አልኩ።
እሱን የሚያውቅ ናዚፍ ነበር።

ናዚፍ መሪ ጨብጦ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣
"የቡ! አጋሮ! የቡ!" ጉሮሮዬን ታምሜ፣
ዘጠኝ ዓመት በላንባት፣ ግማሽ የሱ፣ ግማሽ የኔ፤
ሒሳብ እሱ፣ ዘይት እሱ፣ መጮህ ብቻ ለኔ።
ሲሞላት ያናግራታል፣ ጣሳውን እያዘነበለ፦
"ጠጪ እንግዲህ፣ አንቺ ሴት፣ ነገም መንገድ አለ።"

ነገ መጣ።
መንገዱም አለ።

ተማም ከመደርደሪያው ትንሽ ጠርሙስ አወጣ፣
አቧራዋን በቱታው እየጠረገ መጣ፦
"ማጠቢያ ነው። ካሮጌው ጋር ቀላቅለን ትሥራ፣
በሚኒሞ ብቻ፤ ነዳጅ እንዳትረግጥ፣ አደራ።
አሥራ አምስት ደቂቃ። ከዚያ ትኩሱን እናፈሳለን፣
ፊልትሮ ቀይረን አዲስ እንሞላለን።

ግን ሸሽጌ አልሸጥልህም፤ ስማ፦
ቆሻሻም አንዳንዴ ባለውለታ ነው፣
የሳሳውን ጎሚኒ ደፍኖ ያቆየው እሱ ነው።
ሲታጠብ ማልቀስ ትጀምር ይሆናል።
ወይ ደግሞ ግግሩ ተፈንቅሎ ይወርድና
የዘይት መሳቢያዋን ወንፊት ይደፍንና፣
ዘይት ውስጥ ተነክራ በጥም ትሞታለች።
ጠርሙሱ ላይ ይሄ አልተጻፈም።"

ሐያት፣ የተማም ተለማማጅ፣ ጠርሙሱን ከፍታ ይዛ፣
"ይጨመር ወይስ ይቅር? እጄ ዛለ" አለች፣ እንደ ዋዛ።

ምን ልበላት?
ያ ያረረ ዘይት፣ ያ ጥቁር ዝቃጭ፣
በናዚፍ እጅ የተቀዳ የመጨረሻው ነው፤
የወጣው ዳገት ሁሉ፣ ያባበለው ተሳፋሪ፣
ጎማ ፈንድቶ ያደርንበት ሌሊት እዚያ ውስጥ ነው።
እንዲህ ያለ ነገር ጋራዥ ውስጥ አይወራም።
"ይጨመር" አልኩ።

ተማም ዙሁር ሊሰግድ ሄደ።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅር ጀመር፤
አንድ ባጃጅ ጭቃ ረጭቶብን አለፈ፤
እኔ ሰዓቴን ትቼ "ታ ታ"ዋን እቆጥር ነበር።
በሰባተኛው ደቂቃ ድምፁ የተለወጠ መሰለኝ።
በስምንተኛው፣ ውሸቴን ነው።

የኮፓው ቡሎን ሲፈታ
መጀመሪያ ቀጭኑ ተንዠቀዠቀ፣ ኋላ ወፍራሙ፣
ጎልጎል እያለ፣ ግማሹ ውስጥ መቅረት የፈለገ ይመስል።
ጣቴን ሰደድኩ።
"ያቃጥላል!" ብላ ሐያት እጄን መታችው።
ትንሽ ተቃጥዬ ነበር። አልነገርኳትም።

ከዚያ የሊሙ ማር የመሰለ አዲስ ዘይት ገባ፤
ቀይዋ መብራት ጠፋች።
ተማም ራሱን አዘንብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ፤
ከሦስቱ "ታ" አንዷ ቀርታለች።
"እሷ የኩሽኔታ ናት" አለ፤ "እሷን ማጠቢያ አይነካትም።
ማታ ሥሯ ካርቶን አንጥፍ፤
ጠዋት ጠብታ ካየህ፣ ተመለስ።"

አሮጌውን በጀሪካን ጭኜ ወደ ጅሬን ወጣሁ፤
የናዚፍን ግቢ አጥር ምስጥ እየጨረሰው ነው።
"ምንድን ነው?" አለችኝ መዲና፣ ከበሩ ሳትርቅ።
"የናዚፍ ዘይት ነው" አልኳት። "ለቋሚዎቹ።"
ክዳኑን ከፍታ አየች። ብዙ አየች።
ሻሿን ወደ ኋላ አስራ
ብሩሹን ከእጄ ተቀበለች፤
በበሩ በኩል ካለው፣ ከሥሩ ጀመረች።