ሁለት መስመር በሣር ላይ

ከኮምቦልቻ በላይ፣ ከየጎፍ ደን በታች፣
አስፋልቱ ሲታጠፍ በቀኝ በኩል አለች፤
ሁለት የጎማ መስመር፣ መሀሏ ሣር ያላት፣
ማን እንደ ጀመራት የማይታወቅላት።

በስልኬ ካርታ ላይ ነጠብጣብ ናት ብቻ።
ነጠብጣብ ምንድን ነው? ይነዳል? አይነዳም?
ላንድክሩዘሬማ፣ የእድሜ እኩያዬ፣
ዳገት ስታይ ታጉረመርማለች እንጂ አትጠይቅም።

ጓደኞቼ ቀጥረዋል፤ «እሑድ እንወጣለን፣
አጥር የለ፣ ሰሌዳ የለ፣ ማን ይከለክለን?»
እኔ ግን ልጁ ነኝ የሚዛን ጣቢያ ሰው፤
«ዝም ያለህን ሁሉ እሺ አለ አትበለው»
እያለ ያሳደገኝ።

በግንቦት፣ ዐርብ ጠዋት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣
ወይዘሮ ይርገዱ መነጽሯን ገፍታ ካርታውን ስታይ፤
ካርታው የግድግዳ፣ ፀሐይ የበላው ነው፣
ቦርከናን ሳይቀር ቢጫ ያደረገው።
«መስመርህ እዚህ የለም።»
«ከሌለስ?»
«ከሌለማ አልተከለከለም።»
«ተፈቅዷል ማለት ነው?»
«እሱንም አላልኩም።»

ወደ ደን ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ወደ ቀበሌ፤
ሊቀ መንበሩ ለቅሶ ላይ፣ ማኅተሙም ከኪሳቸው፣
ማመልከቻዬን ጽፌ በበሩ ሥር አሾለክሁላቸው።

ቅዳሜ መኪናዋን አስፋልቱ ዳር አቁሜ በእግሬ ወጣሁ።
ከግራሩ እስከ ባሕር ዛፉ ገመድ ተወጥሯል፣
ሰማያዊ ናይለን፣ ሁለት ቦታ ተቋጥሯል።
ሙሄ፣ የደኑ ጥበቃ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።
«ይሄ ገመድ ሕግ ነው?»
«ገመድ ነው» አለኝ። «ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ በገንዘቤ ገዛሁት።»
«ማን አዘዘህ?»
በአገጩ ቁልቁል አሳየኝ
የእትዬ ከዲጃን ማሳ።

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ በቀለለኝ።
«ባለፈው ነሐሴ ጎማው አልጎዳኝም፣
መጥቶ ሄደ እንጂ እኔም አላየሁም።
ያየው ዝናቡ ነው፤
ሁለት ቦይ አገኘ የተማሰለት፣
ማሽላዬን ይዞ ቦርከና ገባበት።»

ቦዩን ለካሁት፤ እስከ ጉልበቴ ነው።
እታች አንድ የደረቀ አገዳ
ሥሩን ወደ ሰማይ አድርጎ ቆሟል።
«የኔ ጎማ አይደለም» ልል አፌን ከፈትኩ።
ነሐሴን አስታወስኩ፤
አንድ ሌሊት ብቻ፣ ሌሎቹን ተከትዬ፣
መብራት አጥፍቼ።
አፌን ገጠምኩ።

እሑድ ታንከር ሞልተው ሲጠብቁኝ
አካፋ ይዤ ደረስኩ። ሳቁ።
ሁለቱ በሐረጎ ወደ ደሴ ነዱ፣
ጦይብ ብቻ ቀረ፤ እሱም እየተሳደበ።
ድንጋይ ስንደረድር፣ ቦይ ስንከትር፣
እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት።

ጥቅምት ላይ ደብዳቤ መጣ፣ ክብ ማኅተም ያለው፤
«በጠቀሱት ቦታ መንገድ አልተገኘም።»

ሄጄ አየሁ።
ገመዱ ከዛፉ ተፈትቷል፣
እትዬ ከዲጃ ጊደሯን አስራበታለች፤
ሣሩም ከመሀል ተነሥቶ
ወደ ግራም ወደ ቀኝም ተሻግሯል።
ጊደሯ እግሬ ሥር ትግጣለች፣
መንገዱ ላይ ይሁን ከመንገዱ ውጭ
እኔም መለየት አልቻልኩም።
ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤
እውነቱን ነው።