ሦስት ፊደል

ሱ ፎልስ፣ የካቲት። የክሊኒኩ መስኮት በበረዶ አብቧል።
ኮሪደሩ ላይ ግራፍ አለ፤ የነፍሰ ጡሮች ቁጥር፣
በየዓመቱ ሽቅብ የሚል፣ እንደ ጭስ የማይሰወር።
መስመሩ ከወረቀቱ ሲያልፍ ሌላ ወረቀት ለጠፉበት፣
እንደምታድግ ልጅ ቀሚስ ከላይ ቀጠሉበት።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ። የምከፈለው በሰዓት።

ብዙአየሁ ትባላለች፤ ሃያ ሁለት ሳምንቷ፣
ከሥጋ ፋብሪካው ሌሊት ፈረቃ በቀጥታ መምጣቷ፤
የጓንቷ የጎማ ሽታ ገና ከእጇ አልለቀቀም።

ነርስ ሎረል ቃሉን አለችው፤ ድምጿ አልደከመም።
በእሷ ቋንቋ የመዝገብ ቃል ነው፣
እንደ ስኳር፣ እንደ ደም ማነስ።
በእኔ አፍ ግን ድንጋይ ነው፤
ሴት በሴት ላይ ባጥር አሻግራ የወረወረችው፣
የወደቀበት ቤት ሰባት ዓመት የማይታደስ።

ዋጥኩት።
«ትንሽ የደም ኢንፌክሽን» አልኳት።
ፈገግ አለች። «እሱማ ቀላል ነው፤
ፈረቃዬ ይቀየርና ሚያዝያ ላይ እመጣለሁ።»

ሚያዝያ!
ሎረል ቋንቋዬን ሳታውቅ ፊቴን አነበበች፤
«ያልኩትን ነው ያልሽላት?» አለች።

ያኔ አወጣሁት። ቂጥኝ።
ቂ። ጥ። ኝ። ጥርሴ ላይ አሸዋ።
ካልታከመ ለልጁ እንደሚተርፍ፣ ከነሞቱ፣ ከነጣጣው።

ማሞቂያው ብቻ ተነፈሰ።
«ከእሱ ሌላ ሰው አላውቅም» አለች፣ ወደ ግድግዳው ዞራ።
ለሎረል አልነበረም፤ አልተረጎምኩትም።
ቆይታ ደግሞ፦ «ሌላ ስም የለውም?
ቤት ስገባ የምለው?»
ፈለግሁላት። በቋንቋዬ ጓዳ ሁሉ ዞርኩ።
የለውም።

መድኃኒቱ ግን አለው፦ ፔኒሲሊን።
ሦስት ማክሰኞ፣ በሁለቱም ጎን፣
ከፍሪጅ የወጣ፣ ወፍራም፣ ነጭ፣ እንደ ቂም ቀስ ብሎ የሚገባ።
አስተርጓሚ እጅ አይይዝም ይላል ደንቡ።
ያዝኩ።

በሦስተኛው ማክሰኞ ባሏ ተከትሏት መጣ፤
ረጅም መንገድ የነዳ፣ ዓይኑ የቀላ።
ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እጅጌውን ሰበሰበ።
ሎረል ራሷን ነቀነቀች፤ «እዚያ አይደለም» አለችው።
ተረጎምኩ።
ብዙአየሁ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ተሰብሮ
ሌላ ነገር ሆነ። እሱ ቀና አላለም።

ሰኔ ላይ በኮሪደሩ ሳልፍ
ግራፉ ሦስተኛ ወረቀት ጨምሯል።
ብዙአየሁ እዚያ ላይ አንዲት ነጥብ ናት፤
የትኛዋ እንደሆነች አላውቅም።
ልጅቷ የለችበትም።
ከግራፉ ውጭ፣ በእናቷ ክንድ ላይ፣
አፏን በሰፊው ከፍታ አዛጋች።