ቀሪ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ስም እየጠራሁ፣
“ትርንጎ ሙጬ” ስል መልስ እያጣሁ፣
በቀይ እስክሪብቶ “ቀሪ” እጽፋለሁ።
ስትመጣም አርፍዳ፣ ጫማዋ ጭቃ ጠጥቶ፣
ሒሳቡ ሳይጀመር ጉንጯ ደብተሯ ላይ ተደፍቶ፣
እንቅልፍ ይወስዳታል።
ከኋላ በእርሳስ ጫፍ ይነኳታል፤
“አንቺ ላሊበላ፣ ፀሐይ ሳይወጣብሽ ግቢ!” ይሏታል።

የክብሮም እናት መጣች አንድ ቀን፣
በሩን በጀርባዋ ገጥማ፣ ዝቅ አድርጋ ድምፅዋን፦
“ልጄን ከሷ አርቅልኝ። በዘራቸው አለ አሉ፤
አንድ ንጋት እንኳ ሳይለምኑ ከዋሉ
ገላቸው ላይ ይወጣል።”
የበሽታውን ስም አልጠራችም፤ እኔም አልጠየቅሁ።
“ተረት ነው” ማለት ሲገባኝ ወንበሩን አራቅሁ።

ሠራተኛ ሰፈር፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ፣
የተከራየኋት አንዲት ክፍል ጠባብ።
በኅዳር አንድ ሌሊት፣ አሥር ሰዓት ግድም፣
ከወፉም፣ ከአዛኑም፣ ከደወሉም ሲቀድም፣
ድምፅ ተነሣ ከአጥሬ ሥር።
የወንዱ መሬት መሬቱን ሲሄድ፣
የሴቷ በላዩ እንደ ሐረግ ሲወጣ ሲወርድ፣
በመሀል አንድ ሌላ፣ እንቅልፍ ያሻከረው፣ የልጅ፦

   “በሬው ጠመኔ ነው፣ ማሳው ሰሌዳ፤
   የአስካል ልጅ እምቢአለ፣ አይንጋብህ በዕዳ።”

የእናቴን ስም! ከሞተች ስድስት ዓመቷ፣
አንድ ቀን ብቻ ነግሬያት ነበር ለአከራይቷ፤
በአጥር ቀዳዳ ጠይቀዋት ኖሯል።
በሩን ስከፍት ትርንጎ ናት። ቃሉ አፏ ላይ ቀረ።
ሃያ ብሩን አባቷ ተቀበለኝ፤ ምርቃቱን በእናቴ ስም ጀመረ፣
እኔ ራሴ የማላውቃቸው አያቶቼ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው።
ከአራት ሰዓት በኋላ ስም ጠሪው እኔ ነበርኩ።
እስክሪብቶው ከበደኝ።

ዳይሬክተሯ፣ “የባህል ቀን ይድረስ” አሉ፣
“ያን ዕለት ልጆቹ ለብሰው ይጨፍራሉ።
ይሄ ግን ልመና ነው።”
አልጠበቅሁም። ዓርብ፣ አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ይታይሽ፣ እናቷ፣
በሩ ላይ ቆመች፤ ነጠላዋ እስከ ግንባሯ።
“በቀን አዚሜ አላውቅም” አለች፣
“ፀሐይ ታየኛለች።”
ማንም ሳያዘው ተነሣና ክብሮም
መስኮቶቹን ዘጋ፣ አራቱንም።

መዝገቡን ሰጠኋት፤ መለሰችልኝ። ፊደል አልቆጠረችም።
ከድልድዩ ጀምራ፣ በር በበር፣ ሽቅብ ሄደች፦
ሪሃናን በሰማያዊው በር፣
ባምላክን ከነመንታው፣ ከወፍጮ ቤቱ ሥር፣
ክብሮምን በአባቱ፤ “ባዶ እጅ ሰድዶን የማያውቅ፣ ነፍሱን ይማር።”
ክፍሉ አባቱ መሞታቸውን አያውቅም ነበር።

ከዚያ ወደ ፈረሰው ዞረች።
በሩ የለም፤ ቆርቆሮ ታጥሮበታል። እሷ ግን እዚያው ቆመች፦

   “ቤት ቢፈርስም ቅሉ፣ ስም መቼ ፈረሰ፤
   የጫልቱ ልጅ ኦብሴ፣ ድምፃችን ደረሰ?”

እኔ በቀይ የሰረዝኳቸውን ሰባቱን፣
ኦብሴን፣ ሐምዲያን፣ ያፌትን፣ የቀሩትን አራቱን፣
ጠራቻቸው በየደጃቸው፣
ውሻቸውን እንኳ ሳትረሳ መረቀቻቸው።
ማን ይመልስ? ክፍሉ ዝም አለ።
ከመጨረሻው ወንበር፣ እንቅልፍ ያሻከረው ድምፅ
“አቤት” አለ። ሰባት ጊዜ “አቤት” አለ።

ሰኞ ትርንጎ አርፍዳ መጣች፤ ተኛችም።
ክብሮም ወንበሩን አስጠጋ፤ እርሳሱን ግን አላነሣም።
ማታ መዝገቡን ስገልጥ፣ ከስሟ ትይዩ
በራሴ እጅ ጽሑፍ ተሰልፎ አየሁት፦
ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ።
አልሰረዝኩትም።
ያ ሁሉ ሰፈር ሲሄድ፣ ደጁን ከነስሙ ይዛ፣
እውነትም እሷ ነበረች ቀሪ።