ሃያ ሰባት ኪሎ ሜትር

ፓስፖርቴ ንጹሕ ነው፣ ማኅተም አልነካው፤
ሦስት ጊዜ አመልክቼ፣ መልሱ «አዝናለን» ነው።
በአራተኛው ዓመት ውጭ አገር መጣልኝ፤
በባጃጅ ተጭኖ ሳቢያን ወረደልኝ።

ስሟ ማሪሶል ነው፣ አገሯ ቦሊቪያ፤
ትምህርቷ አፈር፣ ዘር፣ እህል፣ ወዲህ ወዲያ።
ከእኛ ማኅበር ጋራ ስድስት ወር ልትማር።
ማኅበር ስላችሁ ደግሞ ፎቅ እንዳታስቡ፤
ከጎማ ጠጋኙ ጓሮ አንዲት ክፍል፣
አንድ ሚዛን፣ ሁለት ወንበር፣
ክዳናቸው በሰም የታሸገ ጣሳዎች፣
ወር በገባ ቁጥር የምናዋጣት ሃያ ሃያ ብር።

ዩኒቨርሲቲዋ ቅጽ ልኮ ነበር።
«ዳይሬክተር?» ኢብሳ። በያጅ ነው፤ ይህን አልጻፍንም።
«የላቦራቶሪ ብዛት?»
ኢብሳ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ትንሽ አሰበና
«የደቻቱን አሸዋ ጻፍ እንጂ፣ አቦ!» አለኝ።
ጻፍኩት።

የመጀመሪያውን ሳምንት ሙቀቱ ጣላት።
በቀትር ድሬ በሯን ስትዘጋ
እሷ ደብተር ይዛ ሰው ትፈልጋለች።
«በዚህ ሰዓት ማን ይሠራል?»
«ፀሐይ» አልናት።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ። የከዚራ ልጅ።
ኦሮምኛዬ የገበያ ነው፤ ማንጎ ያስቀንሳል፣
ከባጃጅ ሹፌር ጋር ያጣላል፣ ያስታርቃል፤
ከአስፋልቱ ሲወርድ ግን
እንደ ደቻቱ ውኃ አሸዋ ውስጥ ይቀራል።

ሲነጋጋ በአይሱዙ ሽቅብ ወጣን፤
ሃያ ሰባት ኪሎ ሜትር፣ ድፍን ዕድሜዬን ያልረገጥኩት።
አዴ ሙሚና ራሷ በካበችው እርከን ላይ ተቀምጣ ጠበቀችን።
«በስንት ዓመት አፈር ይሞላል?» ትላለች ማሪሶል።
«በሚዘንብበት ዓመት» ትላለች ሙሚና።

ከዚያ ስለ ዘሯ ጠየቅናት።
ረጅም ተናገረች። በእጇ ቁመት ለካች፣
አንዱን እንደ ሕፃን አቀፈች፣ በአንዱ ሳቀች፣
ወደ ልጇ ማሳ፣ ወደ ጫቱ ስትዞር ድምጿ ወረደ።
እኔም ዞሬ «ማሽላ» አልኩ።

ማሪሶል እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።
«አምስት ነገር አለች፤ አንተ አንድ ቃል ሰጠኸኝ።
አራቱን የት አደረግሃቸው?»
የአባቷን ድንች ስሞች በጣቶቿ ቆጠረችልኝ፤
ጣት አለቀባትና ወደ እኔ ጣቶች ተሻገረች።

አፈርኩ። መሬት ቁጭ አልኩ።
«አዴ፣ እንደገና። ቀስ ብለሽ።»
ሙይራ፤ ረጅሙ፣ ዝናብ ጥበቃ የማይታክተው።
ፈንዲሻ፤ የልጆቹ።
ወገሬ፤ አገዳው ሳይቀር የሚጣፍጥ።
የአንዱ ስሙ ብቻ ቀርቶላታል፤ ዘሩን ጎርፍ ወሰደው።
አምስተኛው ዘር አልነበረም።
አምስተኛው ያ ክፉ ዓመት ነበር፦

«ዘሩን ትራስ አድርጌ ተኛሁበት፤
ልጆቹ እንዳያገኙት።
ሌሊቱን ሙሉ ጆሮዬ ሥር ይንሿሿል።
እነሱም ይሰሙታል፤
ዝም ይላሉ፤ እኔም ዝም።»

ይህን እንዴት ልተርጉመው?
«የዘር አያያዝ» አልኩ።
ማሪሶልም ጻፈች፦ የዘር አያያዝ፣ በቤት ውስጥ።
ማታ ሳቢያን መብራት በጠፋበት በሯን አንኳኩቼ
«የዛሬው ማስታወሻሽ ስሕተት አለበት» አልኳት።
እስኪነጋ አልጨረስነውም።

አሁን ሄዳለች። ፓስፖርቴ አሁንም ንጹሕ ነው።
ከአዴ ሙሚና ግን አንድ ጣሳ ተበድሬአለሁ፤
ወለዱ አንድ ጣሳ፤ ሁለት እመልሳለሁ።
ከዚራ ግቢያችን፣ ከባቡሩ አጥር ሥር ዘራሁት።
ጎረቤት «ምነው አቦ፣ ገበሬ ሆንክ?» ይላል፤
ወፉ ከአሁኑ ሽቦው ላይ ተሰልፏል።

ማሪሶል ትጽፋለች፦ «የትኛው ነው? ሙይራ? ወገሬ?»
አዴ አልነገረችኝም፤
«ራሱ ይነግርሃል» ብላ ቋጥራ ሰጠችኝ።
ደረቴ ደርሷል። ቅጠሉ ሌሊት ሌሊት ይንሿሿል።
ዛላው ሳይወጣ ስሙን አልጠራም።